ለእናቴ ሕመም አራት ደቂቃ ለፈቀዱልን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ ውኃ የማይለያቸው እነዚያ አበቦችም ሁላችሁም በጤና እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ጤናዎን አጥብቄ የምመኝልዎ ለይስሙላ አይደለም። እርስዎ በሚመሩት ጤና ጣቢያ ወረፋ መጠበቅ ምን ያህል ረጅም፣ መታከም ደግሞ ምን ያህል አጭር እንደሆነ በዓይኔ ስላየሁ፣ እንኳን በእርስዎ በጠላቴም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

እኔ የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተቆጥቼ እንዳይመስልዎት። መቆጣት ጉልበት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ የነበረኝን ጉልበት እናቴን ደግፌ የእርስዎን ደረጃ ስወጣና ስወርድ ጨርሼዋለሁ። የደከመው ሰው አይጮህም፣ ያመሰግናል፤ እኔም ለማመስገን ነው የመጣሁት። ደብዳቤውን በሐሳብ መስጫ ሣጥኑ ውስጥ በመክተት ፈንታ በአደባባይ ያወጣሁት፣ የሣጥኑ ቁልፍ ከጠፋ መቆየቱን ዘበኛው ስለነገሩኝ ብቻ ነው፤ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። እርስዎ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ስላሰቀሉልን ሰሌዳ ከልብ አመሰግናለሁ። ድሮ እዚያ ቦታ ላይ እጃችንን እንድንታጠብ የሚመክር ሥዕል ነበር፤ አሁን ግን የሐኪሞቹ ስም ዝርዝር፣ ከስማቸውም ጎን እያንዳንዳቸው በሰዓት ስንት ሕመምተኛ እንደሚያዩ የሚገልጽ ቁጥር ሰፍሮበታል፤ ብዙ ያየው በአረንጓዴ፣ ጥቂት ያየው በቀይ። ከሁሉ በላይ፣ በፕላስቲክ አበባ ተከቦ የተቀመጠው ወጣት ሐኪም በሰዓት አሥራ አምስት ሰው ያያል። ከሁሉ በታች በቀይ የተጻፈችው ሐኪም ሦስት ሰው። እኛ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተኮልኩለን የምንውል ሰዎች ሐኪሞቹን የምናውቃቸው በስማቸው ሳይሆን ከአፋቸው በማይጠፋው ቃል ነው። ወጣቱን «ዶክተር ቀጣይ» እንለዋለን፤ በየአራት ደቂቃው ከክፍሉ የሚሰማው ድምፅ ይኸው ስለሆነ። እሷን ደግሞ «ዶክተር ከዚያስ» እንላታለን፤ ሰው ሕመሙን ተናግሮ ዝም ሲል ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «እሺ፣ ከዚያስ?» የማለት አመል ስላለባት ነው።

ስለ ዶክተር ቀጣይ ክፉ እንድናገር አይጠብቁ። ምሳውን ቆሞ የሚበላ፣ እንቅልፍ የራቀው፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። አንድ ቀን በሩ ላይ ስንተላለፍ ክንዴን ያዝ አድርጎ «ይቅርታ መምህር፣ ሰዓቱ ነው እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰዓቱ ነው።

ሁለተኛ፤ ወደ ሰዓቱ ከመጣን ዘንድ፣ በየሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ በአራት ደቂቃ የሚጮኽ የእንቁላል መቀቀያ ሰዓት ስላስቀመጡልን ምስጋናዬ ወደር የለውም። እርግጥ ነው፣ እንቁላሉ ጠንከር ብሎ እንዲበስልለት የሚፈልግ ሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ይጠብቃል፤ ነገር ግን ሰው ከእንቁላል ቶሎ እንደሚበስል እርስዎ ሳያጣሩ እንደማይወስኑ እምነቴ ነው። ከዚሁ ጋር የሕመምተኛው ወንበር ከየምርመራ ክፍሉ እንዲወጣ ማዘዝዎም አስደንቆኛል። ሰው ከተቀመጠ ወሬ ያበዛል ብለዋል አሉ፤ አዎ፣ ያበዛል። ወንበሮቹም ሜዳ ላይ አልቀሩም፤ ዛሬ በስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ተደርድረው ስለ አገልግሎት ቅልጥፍና ቀኑን ሙሉ ይመከርባቸዋል።

ዶክተር ከዚያስ ይህን ትእዛዝ እንዳላከበረች የማነሳው ላጋልጣት ብዬ አይደለም፤ እርስዎ ራስዎ በጽሑፍ ስለገሠጿት ሁላችንም ሰምተናል። ሰዓቱን በጥጥ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። የራሷን ወንበር ለሕመምተኛው ትለቅና እሷ የምርመራው አልጋ ጫፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ትቀመጣለች። እናቴ በገባች ቀን ያ ሰዓት ከመሳቢያው ውስጥ ታፍኖ ሲንጫጫ፣ ስልክ መስሏት «አንሺው ልጄ፣ ቸግሯቸው ይሆናል» አለቻት። ሐኪሟም «ይደውላሉ እማማ፣ እርስዎ ይቀጥሉ» ብላ መለሰች።

እዚህ ላይ፣ ሙያዬ ስለሆነ፣ ትንሽ ልዘግይ ይፍቀዱልኝ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ከማስተምራቸው ነገሮች አንዱ «በአንድ ስንት?» የሚለው ሒሳብ ነው። መኪናው በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ? ቀለም ቀቢው በአንድ ቆርቆሮ ቀለም ስንት ግድግዳ ጨረሰ? ልጆቼ ማካፈል አይቸግራቸውም፤ ማካፈልማ ዛሬ ስልኩም ይችላል። የሚቸግራቸው በምን እንደሚያካፍሉ ማወቅ ነው። ቶሎ ዓይናቸው የገባውን ቁጥር ያነሱና ያካፍሉበታል፤ መልሱም ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ጥርት ብሎ የወጣ መልስ ደግሞ ልክ ይመስላል።

በልጆቹ ብቻ አልፈርድም። ታላቅ እህቴ ከእናቴና ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ የቤታችንን ጓዳ የምትመራውም እሷ ናት። አንድ ቀን ሱቅ አብሬያት ሄጄ ሁለት ዓይነት የልብስ ሳሙና አገላብጬ አየሁና፣ የእያንዳንዱን ዋጋ ለክብደቱ አካፍዬ፣ ትልቁ በግራም ሲሰላ እንደሚረክስ አረጋገጥኩ፤ ባለሱቁ ፊት ስለ ሒሳብ ጥቅም አጠር ያለች ንግግር ማድረጌም አልቀረም። ያ ጉደኛ ሳሙና ታዲያ ውኃ ገና ሲያይ ሟሟ። አንድ ዙር ልብስ እንኳ በቅጡ ሳይታጠብበት አለቀ፤ የበፊቱ ትንሹ ግን ስንት ዙር ያጥብልን ነበር። እህቴ ባዶውን የሳሙና ማስቀመጫ ይዛ ክፍሌ ድረስ መጥታ «ሒሳቡ ልክ ነው ወንድም ዓለም፣ ሳሙናው ግን የለም» አለችኝ። ሳሙና የሚገዛው ሊመዘን ሳይሆን ሊታጠብበት መሆኑን እኔ መምህሩ ያን ቀን ገባኝ። መካፈል የነበረበት በግራም ሳይሆን በታጠበው ልብስ ነበር።

እርስዎ፣ ክቡር ኃላፊ፣ በሩን አልፎ የገባውን ሰው ቆጥረው ለሰዓት አካፍለዋል። ማካፈሉ ልክ ነው፤ በስድስተኛ ክፍል ፈተና ላይ ቢመጣ ሙሉ ማርክ እሰጥዎ ነበር። ሰው ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው በር ለማለፍ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ።

ሦስተኛ፤ ስለ አግዳሚው ወንበር። ለአራት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ ሰባት ሆነን ስለምንቀመጥ፣ ለሰጡን የመቀራረብ ዕድል ውለታዎን አንረሳም። ዘመድ የሌለው ሰው እዚያ ዘመድ ያገኛል። ቀድሞ የመጣ ላልመጣው ቦታ ይይዛል፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ ሲነሱ ሁላችንም በአንድነት እንነሳለን፣ ብቻቸውን ከተነሱ ወንበሩ ስለሚንጋደድ። የምታስል አንዲት ሴት አለች፣ ሳሏ ከሩቅ ሲሰማ «መጣች» እንባባላለን። በሩ ላይ ቆመው የሚጠሩን ዘበኛ፣ እኛ «ጋሼ ተራ» የምንላቸው፣ ወረፋ ቁጥራችንን መጥራት ትተው ፊታችንን አይተው ብቻ «ግቢ»፣ «ግባ» ይሉናል። ይህ ሁሉ መተዋወቅ ከየት መጣ ብለው ይጠይቁኝ እንደሆነ፣ ስለማንድን ነው። አራት ደቂቃ ታይተን እንወጣለን፣ አይሻለንም፣ ተመልሰን እንመጣለን። በተመለስን ቁጥር ታዲያ በእርስዎ ሰሌዳ ላይ አዲስ ሰው ነን። አንድ ሰው አምስት ጊዜ ሲመላለስ አምስት ሰው ይባላል። ጤና ጣቢያው ሕዝብ በሕዝብ የሆነው እኛው በእኛው ተባዝተን ነው።

ከእኛ መካከል አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ጨጓራው የሚያቃጥለው፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው። በየጊዜው ከእናቴ አጠገብ ይቀመጥና የቀሚሷን ጠርዝ አይቶ «ይህን ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?» እያለ ያስቃት ነበር። አንድ ሳምንት ቀረ። በሚቀጥለውም ቀረ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ፤ እናቴም ከንፈሯን መጣ «ደግ ሰው ነበር» አለች፤ ቦታውን ግን ቦርሳዋን አስቀምጣ ያዘችለት፣ ምናልባት ብላ። ሰውየውን በኋላ ያገኘሁት ከሱቁ ደጃፍ ላይ የስፌት መኪናውን እየረገጠ፣ ፊቱ ሞልቶ፣ እያፏጨ ነው። ወይ ጉድ፣ ምነው ጠፋህ ብለው፣ «ዳንኩ እኮ መምህር!» አለኝ፤ እንዳፈረ ሰው ዙሪያውን እያየ። ለካ አንድ ቀን ወረፋው ዶክተር ከዚያስ ዘንድ ጥሎት፣ ስለ ጨጓራው ጠይቃው ስትጨርስ «ከዚያስ?» ስትለው፣ ወገቤንም ያመኛል አላት፤ «ለወገብህስ ምን ትወስዳለህ?» ስትለው፣ ማስታገሻ በባዶ ሆዱ ሲውጥ መክረሙን ነገራት። እሱን አስተወችው፣ ጨጓራውም ተወው።

በእርስዎ ሰሌዳ ላይ ይህ ኪሳራ ነው። ልብስ ሰፊው ሲታመም በየሳምንቱ አንድ ሰው ሆኖ ይቆጠር ነበር፤ ሲድን ዜሮ ሆነ። ሰው ያዳነ ሐኪም ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሰው ያመላለሰ ይወጣል። ይህን ያሰቡት ሆን ብለው ነው ብዬ አልወነጅልዎትም፤ ሆን ብሎ ይህን የሚያስብ ሰው አለ ብዬ ማመን ራሱ ያደክመኛል።

አራተኛ፤ አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። ከመጀመሪያም ልመጣ የፈለግኩት ወደ እሷ ነበር፤ የእናቴ ልጅ ስለሆንኩ ግን ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ነገር መጀመር አይሆንልኝም። እናቴ ሕመሟን ስትናገር ቤታችን ጣሪያው ከተቀየረበት ዓመት ነው የምትጀምረው። ቆርቆሮው እንዴት እንደተገዛ፣ አናጢው እንዴት ቃሉን እንዳጠፈ፣ ዝናቡ እንዴት እንደቀደማቸው፣ ሁሉም በየተራው ይመጣል። ከዚህ ውስጥ አንዲት ነገር አልፈሽ ጀምሪ ብትሏት ትቀየማለች፣ ተቀይማም እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች።

መጀመሪያ የሄድነው ራሷን ስላመማት ነው። ሦስት ሰዓት ያህል አግዳሚው ላይ ተጨናንቀን ቆይተን፣ ዶክተር ቀጣይ ዘንድ ገብታ፣ ወንበር ስለሌለ ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆማ ጣሪያውን ጀመረችለት። አናጢው ገና መሰላል ሳይወጣ ሰዓቱ ጮኸ። ልጁ በመሀል የደም ግፊቷን ለክቶ ከፍ ብሎ አገኘው፤ ሦስት ሰዓት ተጨናንቆ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ቆሞ የሚያወራ ሰው ግፊቱ ከፍ ቢል ምን ይገርማል! ሮዝ ቀለም ያለው የግፊት ክኒን አዘዘላት፤ በቀን አንድ። «ቀጣይ» አለ፣ ወጣን።

ከዚያ በኋላ እናቴ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ሰማይ ምድሩ ይዞርባት ጀመር። ተመለስን፤ ጣሪያው፣ ቆርቆሮው፣ ሰዓቱ፤ ቪታሚን። ተመለስን፤ ጣሪያው፣ ቆርቆሮው፣ ሰዓቱ፤ ውኃ በብዛት ይጠጡ። ተመለስን፤ ዕድሜ ነው። አንድ ረፋድ ላይ እህቴ ስትጮህ ሰምቼ ስሮጥ፣ እናቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ወድቃ አገኘኋት። ደግነቱ ውኃው ገና የፈላ አልነበረም። ፈራሁ ክቡር ኃላፊ፤ ጎልማሳ ነኝ፣ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ አሰኛለሁ፣ ያን ቀን ግን እንደ ሕፃን ነው የፈራሁት። አምስተኛው ጉዟችን ለእጇ አንጓ ጀሶ ነበር። ስለ መውደቋ ስትጠየቅ ከጣሪያው ጀመረች፤ ሰዓቱም እንደ ልማዱ ጮኸ።

በስድስተኛው ጋሼ ተራ ፊቷን አይተው ምን እንደተሰማቸው እንጃ፣ «ዛሬስ በዚህ ይግቡ» ብለው ወደ ሌላኛው በር መሯት። ዶክተር ከዚያስ ወንበሯን ለቀቀችላት። እናቴ ጣሪያውን ጀመረች። አናጢው ቃሉን አጠፈ፤ እሺ፣ ከዚያስ? ዝናቡ ገባ፤ እሺ፣ ከዚያስ? ከዚያማ ከአናጢው ጋር ስትከራከር አፍንጫዋ ደማ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡት የድሮው ሐኪም ዘንድ ተወሰደች፣ እሳቸውም ግፊት ነው ብለው ነጭ ክኒን አዘዙላት፣ ያንንም ይኸው እስከ ዛሬ በቀን አንድ ትውጣለች። ሐኪሟ ከአልጋው ጫፍ ወረደች። ቀጥላም ቀስ ብላ «ሮዙንስ እማማ?» አለቻት። እናቴም ቅር ብሏት፣ ሥርዓት እንደማታውቅ የተቆጠረች መስሏት፣ «ሮዙንም በቀን አንድ ነዋ!» አለች። ከሻሿ ጫፍ ፈታ ሁለቱንም አሳየቻት። ፋብሪካቸውና ቀለማቸው ተለያየ እንጂ መድኃኒቱ አንድ ነበር።

አየህ፣ አንዱ እሽግ ላይ በቀን አንድ ይላል፣ ልክ ነው። ሌላውም እሽግ ላይ በቀን አንድ ይላል፣ ልክ ነው። አየህ ማለቴ ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ክፍል ውስጥ ያለሁ መስሎኝ ነው። እናቴ በቀን ሁለት እየዋጠች፣ ግፊቷ ከሚገባው በታች እየወረደ፣ በተነሳች ቁጥር ዓለም ይዞርባት ኖሯል። ሐኪሟ ሮዙን አስተወቻት። እነሆ ዛሬ እናቴ ማንንም ሳትይዝ ተነስታ መስኮቱን ራሷ ትከፍታለች፤ ጎረቤት መቆጣጠርም ጀምራለች።

እንግዲህ እናስላው፤ የሁለታችንም ሙያ ነው። ዶክተር ቀጣይ እናቴን አምስት ጊዜ አያት፤ በእያንዳንዱ አራት ደቂቃ፣ በጠቅላላው ሃያ ደቂቃ። ዶክተር ከዚያስ አንድ ጊዜ አየቻት፤ ሃያ ደቂቃ። ሃያ ለሃያ፤ እኩል ጊዜ፣ አንዲት እናት። በሰሌዳዎ ላይ የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ አምስት ሰው ተብሎ በአረንጓዴ ተጻፈ፤ ሁለተኛው አንድ ሰው ተብሎ በቀይ። በዳነው ሰው ስናካፍለው ግን የመጀመሪያው መልስ የለውም፤ በዜሮ እንደማይካፈል ለልጆቹ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የምነግራቸው። የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ የወለደው ነገር ቢኖር አንድ የተሰበረ የእጅ አንጓ ነው።

አምስተኛ ቁጥር አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ነው፤ ደክሞኛል፣ ይቅር።

አሁን ሰሌዳው ሥር አንድ ማስታወቂያ ለጥፈዋል። ዶክተር ከዚያስ አፈጻጸሟ ዝቅተኛ ስለሆነ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ወደ መድኃኒት መጋዘን ተዛውራ ቆጠራ ትቆጣጠራለች ይላል። ውሳኔው ብልህነት የተሞላበት ነው፤ ካርቶን ጣሪያው ከተቀየረበት ዓመት አይጀምርም። የእናቴ ቀጠሮ ግን ከሰኞ በኋላ ነው። በስድስተኛው ጉዟችን እናቴ ከሐኪሟ ክፍል ስትወጣ በሩ ላይ ዞራ «አንድ ነገር ቀርቶኛል» ብላት ነበር፤ ሐኪሟም ደጅ የሚጠብቀውን ሰው አይታ፣ በቀጠሮዎ ቀን ከእሱ እንጀምራለን ብላ እጇን ይዛ ሸኘቻት። የቀረው ነገር ምን እንደሆነ እናቴ ለእኔም ለእህቴም አልነገረችንም። ብንለምናት፣ ብንቆጣት፣ ጆሮዋን አልሰጠችንም። «ለሐኪሜ ነው ያቆየሁት» ነው መልሷ። አንዳንድ ጊዜ ታዲያ ብቻዋን ስትሆን እጇን ከጎድኗ በታች አድርጋ ትቀመጣለች፤ ስታየኝ ታነሳዋለች።

የምለምንዎ ነገር ብዙ አይደለም። ሰሌዳው ይቆይ፣ የፕላስቲክ አበባውም ይቆይ፣ ወንበሮቹም ለስብሰባው ያስፈልጋሉ። ሐኪሟን ብቻ እዚያው ክፍሏ ውስጥ ይተዉልን። ከፈለጉ ከሁሉ በታች ይጻፏት፣ በቀይም ይጻፏት፣ ከሦስት ወደ ሁለትም ትውረድ፤ እኛ አግዳሚው ላይ ያለነው ቀይ ቀለም አያስፈራንም። በበሩ የገባ ሰው ሳይሆን ከበሩ የወጣ ጤነኛ ሰው የሚቆጠርበት ቀን እስኪመጣ ድረስ፣ አንዲት «ከዚያስ?» የምትል ሐኪም ብትኖረን ለእርስዎ ብዙ አይጎድልብዎትም።

ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ለሰባት ሰው ስላጠበቡልን ወንበር፣ ለእንቁላሉ ሰዓት፣ እናቴን አንዲት ስትሆን አምስት አድርገው ስላከበሩልኝ፣ አንገቴን ዝቅ አድርጌ እያመሰገንኩ፣ እኔ ታዛዥዎ፣ ከበርዎ የማልጠፋው፣ በሰሌዳዎም ላይ በአስታማሚነቴ ያልተቆጠርኩት የስድስተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

ተጨማሪ፤ ይህን ደብዳቤ አንብቦ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት ያህል ወስዶብዎት ይሆናል፤ አፈጻጸምዎ እንዳይወርድብዎ እሰጋለሁ። በአራተኛው ደቂቃ ሰዓቱ ቢጮኽብዎ ኖሮ የእህቴ ሳሙና ላይ ይቀሩና፣ ሰውየው ስለ ሳሙና ነው የሚጽፈው ብለው ቪታሚን ያዝዙልኝ ነበር።

ማስታወቂያውን ለእናቴ ሳነብላት ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። ቀጥላም «እንግዲያው በአራት ደቂቃ መናገር ልልመዳ» ብላ የእህቴን የወጥ ቤት ሰዓት አስመጣች። ወንበር አልፈለገችም፤ እንደ ጤና ጣቢያው ቆሜ ይሁን ብላ ጠረጴዛውን በደህናው እጇ ተደገፈች። እኔ ሰዓቱን ሞላሁ። እናቴ በሕይወቷ እንደዚያ ስትፈጥን አይቻት አላውቅም፤ ቆርቆሮውን በአንድ ትንፋሽ አለፈችው፣ አናጢውን ሳትሰድበው ተወችው። ሰዓቱ ሲጮኽ አፍንጫዋ የደማበት ላይ ደርሳ ነበር፤ ወደ ቀረው ነገር ገና ብዙ ይቀራታል። እንደገና ሞክረን፣ እንደገና ጮኸ። ያኔ ጠረጴዛውን ለቀቀች፣ ተቀመጠች፣ እጇንም ከጎድኗ በታች አድርጋ «ልጄ፣ አንተ ሒሳብ ታውቃለህ፤ የቱን ልተው?» አለችኝ።

በሽታው የቱ ውስጥ እንዳለ እኔ አላውቅም። እርስዎ ካወቁ እስከ ሰኞ ይንገሩን።